ጋሼ ጨው ያለበትን ሻይ የጠጡ ዕለት

ጥር 6

ለክብርት እታለም፣ የልጃገረዶች ማደሪያ ዋና አዛዥ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ከመርፌው ካልሲ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትሽስ ይቻላል፤ ካልሲው ነው ያልተቻለው። ለእኔና አብሮኝ ለሚሰፋው ልጅ፣ ለመርፌው፣ አንድ ክፍል ነው የተሰጠን፣ መስኮቱም አንድ ነው፣ እሱም በመርፌው ራስጌ በኩል ነው ያለው። አየሩ መጀመሪያ እሱን ነክቶ ነው ወደ እኔ የሚመጣው።

ለምን በስልክ እንደማልገኝልሽ ጠይቀሻል። ስልኩ የስፌት ቤቱ ባለቤት የጋሼ ነው። ጋሼ ጆሯቸው ስለሚከብዳቸው ስፒከሩን ለቀው ነው የሚያወሩት። አንቺ «በላህ ወይ?» ስትዪኝ የስፌት መኪናው ሁሉ ይቆምና ቤቱ በሙሉ «በልቷል!» ብሎ ይመልስልሻል። ደግሞ ጠዋት ብትደውዪ አያነሱም። ጠዋት መቀስ፣ ከምሳ በኋላ ስልክ፤ ሕጋቸው ነው። ጨርቅ እየቆረጠ የሚያወራ ሰው ለልጅ ሁለት ቀኝ እጅጌ ይሰፋለታል ይላሉ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው መጻፍ ነው ያለን። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ትምህርት ለአንቺ ሲል ተመለሰ።

ሥራ ደህና ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስለሆነ ስፌት ቤቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ስናስነጥስ እንኳ የሚወጣው ሰማያዊ ብናኝ ነው። ትልቅ ወሬ አለኝ፤ ጋሼ የራሴን መቀስ ሰጡኝ። እዚህ ቤት መቀስ ተሰጠህ ማለት ቆራጭ ሆንክ ማለት ነው። የቆራጭን መቀስ ደግሞ ሌላ ሰው አይነካውም፤ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ ባለቤቱን ጠርቶ «አንሳ» ይለዋል እንጂ አያነሳውም።

ጠባዬ ተሻሽሎ እንደሆነ ጠይቀሻል። አልተሻሻለም። የመርፌውን ኮት እጅጌዎች ጫፋቸውን ሰፋሁበት፤ እጁ መውጫ አጥቶ ሲታገል የደንበኛ ልጅ በሳቅ ወደቀች። የጋሼ ሻይ ላይ ስኳር አስመስዬ ጨው ጨመርኩ። ገና ሲቀምሱት ተፉትና የእንጨት ሜትራቸውን ይዘው በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አባረሩኝ፣ «ይሄ እብድ ሳይገድለኝ አይቀርም» እያሉ። ስሜም እሱው ሆኖ ቀርቷል። እብዱ፣ ክር አምጣ። እብዱ፣ ምሳ ደርሷል። በካውያ የምትተኩሰዋ ሴትዮ፣ እትዬ ካውያ የምንላት፣ ጠዋት ስገባ «አንተ እብድ፣ ዛሬም አልሞትክም?» ካላለች ካውያዋ አይሞቅም።

ለእማዬ አንደኛ ነው በያት። የኳስ ጫማዬን ለመርፌው ሰጠሁት። ሬዲዮዬንም ለእትዬ ካውያ። ዕቃ ሲቀንስ ክፍሉ ሰፋ ይላል።

ጉድሽ


ጥር 19

ለእታለም፣

«ያለ ቀልድ መልስልኝ» ብለሽ ከሥሩ አስምረሻል። እስክሪብቶሽ ወረቀቱን ቀዶታል። ስለ ጫማና ስለ ሬዲዮ ይሄን ያህል የምትቆጪ ከሆነ ለአንቺ መስጠት ነበረብኝ።

እሺ። ያለ ቀልድ።

ጫማውን የሰጠሁት ሜዳ መሄድ ስለተውኩ ነው። ሜዳ መሄድ የተውኩት እግሬ እምቢ ስላለኝ ነው። እግሬን ምን እንደነካው አላውቅም። ጠዋት ስነቃ እትዬ ካውያ ከነካውያዋ ደረቴ ላይ የተቀመጠች ይመስለኛል፤ አንቺ ደግሞ ሴትዮዋን አታውቂያትም፣ ቀላል ሰው አይደለችም። ምግቡ ካርቶን ካርቶን ይለኛል። ሬዲዮዋ ስትዘፍን ያናድደኝ ጀመር፣ በፊት እኔ ነበርኩ አብሬያት የምዘፍነው። ቀልዱን እቀልዳለሁ፣ ሰው ይስቃል፤ ሳቁን ግን ጎረቤት ቤት ያለ ሰርግ ይመስል በግድግዳ ነው የምሰማው። ከመቼ ጀምሮ ነው ላልሽው፣ እንጃ። ጨርቅ እንዴት እንደሚወይብ ታውቂያለሽ? የወየበበትን ቀን ማንም አያየውም።

አንዳንዴ ባልነቃ ብዬ አስባለሁ። ብዙ ጊዜ። ማን ይጎዳል እላለሁ፤ መርፌው እንደሆነ አልጋዬንም ይወርሳል። ይሄ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀልድ ገባበት፣ ይቅርታ።

እንግዲህ ጠየቅሽ፣ ነገርኩሽ። ለእማዬ እንዳትነግሪ። ለጋሼ በተለይ። እስካሁን እብዱ የሚሉኝ ስላልሆንኩ ነው። ከሰሙ መቀሴን ይቀሙኛል፤ ስሜም ስም መሆኑ ይቀራል። በእማዬ ማይልኝ። ጽፈሽ ማይልኝ፣ ባየው ነው የምተኛው።

ጉድሽ


ጥር 27

ጉዴ፣ የኔ አሳሳቂ፣

ደብዳቤህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም፣ ትስቅብኛለህ። ስለጻፍክልኝ እግርህን ልሳመው። ይቅርታ የምትጠይቅበት ምንም ነገር የለም፣ ቀልዱንም ጨምሮ።

ማልሁልህ። እማዬን፣ ለማንም አልናገርም። ይኸው ተጽፏል፤ በቃ ተኛ።

መምጣት ፈልጌ ፈቃድ ጠየቅሁ። ልጆቹ ለብሔራዊ ፈተና እየተዘጋጁ ስለሆኑ ማደሪያው ያለ ተቆጣጣሪ አይሆንም ተባልኩ። የፈተናው መጨረሻ ቀን ሻንጣዬ በር ላይ ነው።

እስከዚያ ጥቂት ነገር ልጠይቅህ፣ የእህት አመል ነው ብለህ እለፈኝ። ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው? የምትተኙበት ክፍል ከሳቸው ቤት ይርቃል? መርፌው ሲተኛ ቶሎ ይነቃል? ማታ ማታ ብቻህን ትሆናለህ? እንዲሁ ነው፤ ኑሮህን በዓይኔ ለማየት ነው።

የማይጣፍጥህም ቢሆን ብላ። ካርቶንም ቢሆን ያጠግባል።

እህትህ


የካቲት 11

ለእታለም፣

ከናፍቆትሽ በቀር፣ እኔ እንጃ።

ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብለሽኝ ነበር። ቀደም ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ መልሱን አውቀው ነበር፤ አሁን ሰውየው ተለውጠውብኛል። ሁሉም ተለውጠውብኛል።

ሰኞ ስገባ እትዬ ካውያ «ደህና አደርክ የኔ ልጅ» አለችኝ። ቆሜ ጠበቅኳት፣ የሚቀጥል መስሎኝ። የለም፣ በቃ እሱ ነው። ከዚያ መርፌው በስሜ ጠራኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ማን ገባ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ።

መቀሴ ቦታው የለም። ጋሼ «ሊሳል ሄዷል» አሉኝ ጨርቅ ጨርቁን እያዩ። መቀሱ ባለፈው ሳምንት የተሳለ ነው፤ ጢም ይላጫል። ደግሞስ ማን አነሳው? እኔን ጠርቶ «አንሳ» ያለኝ ሰው የለም። ቁልፍ እንድሰፋ ሰጡኝ። በዶልዷማ መርፌ፣ እትዬ ካውያ አጠገብ ተቀምጬ። መጸዳጃ ቤት ስሄድ መርፌውም ሽንቱ ይመጣል። እሱ ልጅ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ መቀመጫውን የማያነሳ፣ ግመል ነው ብለን የምንስቅበት ልጅ ነው።

የሚያሳብደው ግን ሳቁ ነው። ቀልድ ስጀምር ሳልጨርሰው ይስቃሉ። አንዱን ቀልድ ሆን ብዬ መሀል መንገድ ላይ ተውኩት፣ «አንድ ሰውዬ ዶሮ ይዞ ባንክ ገባና» ብዬ ዝም። መጨረሻ የለውም፣ እኔም አላውቀውም። ሳቁ። ጋሼ እንባቸውን ጠረጉ።

ሐሙስ ዕለት ማጣራት ፈለግኩ። የጋሼ ሻይ ላይ ጨው ጨመርኩ፤ በማንኪያ አይደለም፣ በእፍኜ። የእንጨት ሜትሩ እጃቸው አጠገብ ነበር። እኔ በጠረጴዛው ጥግ በኩል እግሬን ለሩጫ አመቻችቼ ቆምኩ። አንዴ ተጎነጩ። ፊታቸው ታጥቦ ሳይተኮስ የደረቀ ጨርቅ መሰለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት። እስከ ሥሩ ጠጡት፣ እታለም። ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

የተመቻቸው እግሬ የትም ሳይሄድ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ያን ሻይ ሰው የሚጠጣው በሽተኛ ፊት ተቀምጦ ብቻ ነው። ነገርሻቸው? አልነገርኩም ብለሽ ጻፊልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ውሸት ቢሆንም አምንሻለሁ።


የካቲት 18

ጉዴ፣

አንድ መስመር ነበር የለመንከኝ። ልጽፈው ሞክሬ ቀደድኩት።

ነግሬያቸዋለሁ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ደወልኩ። ማልሁልህ ብዬ የጻፍኩልህ ከደወልኩ በኋላ ነው። ይሄንን ባትጠይቀኝም ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። እንድትተኛ ብዬ ነው የማልኩት። ቀናት ነበር የሚያስፈልጉኝ።

ስፒከሩን እንዲያጠፉት ለመንኳቸው። «እሺ ልጄ፣ እሺ» ይሉኝ ነበር። አሁን ደብዳቤህን ሳነብ ነው፣ እንዴት እንደሚጠፋ የማያውቁ መሆናቸው የገባኝ። ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ አልፈለግኩም። እሱ ላይ ምን ብትለኝ እውነትህን ነው።

ለምን እንዳደረግኩት ጠይቀሃል ብዬ ልቁጠረው። እኔ ጋ አንዲት ልጅ ነበረች፣ በር አጠገብ ያለው አልጋ የእሷ ነበር። እንዳንተ ተጫዋች ነበረች፤ የእኔን አረማመድ አስመስላ ስትሄድ እኔው ራሴ እስቅ ነበር። አንድ ሰሞን ሻርፗን ለአንዷ ሰጠች። ጫማዋን ለሌላዋ። ያን የምትሳሳለትን የፀጉር ማበጠሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ምን አልኩ? ለጋስ ልጅ ነች አልኩ። አመሰገንኳት። ጓደኛዋ አንድ ነገር ታውቅ ነበር፣ ግን አስምላት ነበርና መሐላዋን ጠበቀች። ታማኝ ልጅ ናት፤ አሁን ከባዶው አልጋ ሁለት አልጋ ወዲያ ተኝታ አያታለሁ፣ ምግብ አይበላላትም። በር አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አዲስ ልጅ እንድንመድብ ቢነገረንም እስካሁን አልመደብንም።

አንተ «ጫማዬን ለመርፌው ሰጠሁት» ስትለኝ ማበጠሪያው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ተቆጣኝ። ስደበኝ፣ ስድብ ታውቅበታለህ። ጋሼ ወደ ጤና ጣቢያ ልውሰደው ብለውኛል፤ አብረሃቸው ሂድ። እንደ ውለታ ቁጠርልኝ አልልህም፣ ውለታ የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

እህትህ


የካቲት 24

ለልጃገረዶች ማደሪያ አዛዥ፣

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ደህና ነኝ ብትዪኝ ምኑን ብዬ አምንሻለሁ?

ስለ ልጅቷ አዘንኩ። የምሬን ነው። ግን እኔ እሷ አይደለሁም። ለእሷ ሳትጮኺው የቀረሽውን ጩኸት አስቀምጠሽ ቆየሽና በእኔ ላይ ጮህሽው፣ ያውም በስፒከር።

የጎረቤቱን መስኮት የሰበርኩ ቀን ትዝ ይልሻል? አባዬ ማን ነው ሲል ዝም አልሽ። ቀበቶው ሲወጣም ዝም አልሽ። አንቺ ተመታሽ፣ እኔ ከአልጋ ሥር ሆኜ አይሻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ላይ አንድ የተዘጋ በር አለኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ስለ መስታወት ያልተነፈስሽ ሴትዮ ስለ እኔ ተነፈስሽ። ከተነፈስሽስ ተነፈስሽ፣ ዞረሽ ደግሞ ማልሽልኝ። እኔ ያቺን መስመር ቆርጬ ትራሴ ውስጥ ነበር የከተትኳት። ተኝቼባታለሁ፣ ይገባሻል? ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ የወሰደኝ በውሸትሽ ላይ ነው።

ጋሼ ጤና ጣቢያ እንሂድ አሉኝ። እምቢ አልኩ። እንደገና ለመኑኝ። ጋሼ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም፤ ዕዳ የካዳቸውን ደንበኛ እንኳ አይለምኑም። እምቢ አልኩ። መቀሴን አምጡ አልኩ። «እየተሳለ ነው» አሉኝ። እስካሁን ቢሳል ኖሮ የሚቀረው እጀታው ብቻ ነበር።

ከእንግዲህ አልጽፍልሽም። ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው፤ ማኩረፌ ነው። ሰው አኩርፎ እንኳ በሰላም የማያኮርፍበት ዘመን አመጣሽብኝ።


መጋቢት 21

ለእታለም፣

አልታረቅኩሽም። መጀመሪያ ይሄ ይታወቅልኝ።

ካኮረፍኩ ወዲህ የላክሻቸውን ሦስቱንም ደብዳቤ ሳልከፍት አስቀምጬ ነበር። መርፌው ነው የከፈተው፤ «አንተ ካላነበብክ እኔ ላንብበው፣ እህትህ አሳዘነችኝ» ብሎ። የእሱን ንባብ ከምሰማ ብዬ ቀማሁት። አንድ ጥያቄ በሦስት ደብዳቤ ነው የጠየቅሽኝ፣ ሄድክ ወይ ብለሽ።

ሄድኩ። ግን ለአንቺ ብዬ አይደለም።

ባኮረፍኩሽ ሰሞን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ቁርጥራጭ ጨርቅ የምናጠራቅምበት ቦታ ነው፣ ይሞቃል። ለቀልድ አልነበረም። መውጣት አቃተኝ እንጂ። እትዬ ካውያ ጠራችኝ፣ መርፌው ጠራኝ፣ በስሜ። ከዚያ ጋሼ መጡ። ሆዳቸውን አታውቂውም፤ አንድ ጥቅል ጨርቅ ያህላል። በእንብርክካቸው ገቡና አጠገቤ ተጋደሙ፣ ግማሽ ሰውነታቸው ውጭ ነው። ሰማያዊ ብናኙ አፍንጫቸው ገብቶ አስነጠሳቸው። ቀጥሎ፣

«ያ ሻይ ጨው ነበረው» አሉኝ።

አውቃለሁ አልኩ።

«ሆዴን ሲያመኝ ሰነበተ።»

«ታዲያ ለምን ጠጡት?»

«ብቆጣህ የምትሄድ መስሎኝ ፈራሁ» አሉኝ። «የት እንደምትሄድ ታውቃለህ።»

እታለም፣ እኔ እነዚህ ሰዎች የተጠየፉኝ መስሎኝ ነበር። ፈርተው ነው። አንድ ሙሉ ስፌት ቤት እኔን ፈርቶ መተንፈስ አቅቶት ነው የከረመው። ቀልዴ ላይ የሳቁት እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። የደወልሽው እኔ ክር ላመጣ ወጥቼ ሳለ ነው፤ ስልኩን ዘግተው ምን እንደተባባሉ መርፌው በኋላ ነገረኝ፤ ማንም እብዱ እንዳይለው፣ ማንም እንዳይቆጣው፣ የሚናገረው ሁሉ ላይ ሳቁለት። ይሄ የጋሼ ሐኪምነት ነበር። ጤና ጣቢያ ባልሄድ ኖሮ በደግነት ይጨርሱኝ ነበር።

ተቆጡኝ አልኳቸው። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ጋሼ ተንጠራርተው ጆሮዬን ያዙና፣ እንደ ልጅ፣ ጠመዘዙኝ፤ እየጠመዘዙኝ አለቀሱ። እኔም። ለማንም እንዳትናገሪ ልልሽ ነበር፣ ለማን እንደምል ትዝ አለኝና ተውኩት።

በማግስቱ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ ዶሮውና ስለ ባንኩ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ዶሮው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለውም አልኳት መጨረሻ። ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። «አሁን ያለ ቀልድ» አለችኝ። ከአንቺ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማራችሁት? መድኃኒት አለ፣ ወሬም አለ፤ ወሬው ከመድኃኒቱ ይመራል። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ጋሼ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፣ ቁልፍ እየሰፉ። ጠቅላላ በሽተኛው ሱሪውን እያወለቀ እንዳያመጣላቸው ብዬ እፈራለሁ።

መቀሴን መልሰውልኛል። ጠዋት ከእጃቸው ወደ እጄ ነው፣ ማታ ከእጄ ወደ እጃቸው። ሐኪሟ ናት እንዲህ አድርጉ ያለችው፤ ለጊዜው ነው ብላኛለች። ያናድደኛል፣ ግን «ሊሳል ሄዷል» አይሉኝም። «ማታ ስጠኝ» ይሉኛል፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

መርፌው የኳስ ጫማዬን መለሰልኝ፣ ሽታ ጨምሮበት። ሜዳ ገና አልሄድኩም። ባለፈው ሳምንት እትዬ ካውያ ስገባ ረስታው «አንተ እብድ፣ ዛሬም አል...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው። «አልሞትኩም» አልኳት እኔ። ካውያውን እርጥብ ጨርቅ ላይ ጫነችና ፊቷን በእንፋሎቱ ውስጥ ደበቀች። የጋሼ ሻይ ላይም ትናንት ጨው ጨመርኩ። የሜትሩ ቁጥር እስካሁን ትከሻዬ ላይ ይነበባል።

ፈተናው ሲያልቅ እመጣለሁ ብለሻል። ነይ። አልከለክልሽም። ግን እንደ ድሮው የሚሆን እንዳይመስልሽ። ሰው ሁሉ «እህትህ አዳነችህ» ይለኛል፣ እኔም አይደለም አልልም። ሆኖም ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከትራሴ ውስጥ አውጥቼ ሳያት እማዬን ብለሽ ጽፈሻል፣ በዚያ በሚያምር እጅሽ። ጨርቅ አንዴ የተቆረጠበት ቦታ ቢሰፋም ስፌቱ ይዳሰሳል። ከእንግዲህ ብትምዪልኝ አላምንሽም። አንድ የነበረኝ በር ነበር፣ ከፍተሽዋል፤ ነፋሱ እየገባ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ሰሞኑን ደረቴ ላይ ያለችው ሴትዮ ተመልሳ መጥታለች። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ግን መጥታለች። ሐኪሟ ሊሆን ይችላል ብላኝ ነበር፣ ሲመጣ ተናገር ብላኝም ነበር። ጋሼ ደግሞ ደስ ብሏቸው እያፏጩ ነው የሚውሉት፣ ፉጨታቸውን ማቋረጥ አቃተኝ።

ይሄንን ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ በእማዬ አስምዬሻለሁ።

ጋሼ ስልክ የሚያነሱት ከምሳ በኋላ ነው።

ጉድሽ